የመንኮራኩር መቺው ምስክርነት

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት አሥራ ሰባት ቀን፣ ማክሰኞ ጧት፣ ከግንባር ቁስለኛ ጭኖ የመጣው ባቡር ውሃ ሊቀዳና ነጂ ሊለውጥ በመጋጠሚያው ጣቢያ ቆመ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ በሐዲዶቹ መካከል በታቆረው ውሃ ላይ የዘይት ቀለም ተንሳፍፏል። አሥራ አንዱ ፉርጎዎች ነጭ ተቀብተው በጎናቸው ቀይ መስቀል ተሥሎባቸዋል፤ ከአንዱ መስኮት በፋሻ የተጠመጠመ እጅ ወጥቶ፣ ዝናቡ ማቆሙን እንደሚያጣራ ሰው መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።

መንኮራኩር መቺው እጀታዋ የረዘመ መዶሻውን ይዞ ከመጨረሻው ፉርጎ ጀመረ። ሥራው ለማያውቀው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ እያንዳንዱን የብረት መንኮራኩር አንዴ መምታት፣ ማድመጥ፣ ማለፍ ነው። ደህናው መንኮራኩር እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን እንደ ነቃ ሸክላ ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ፣ ጭቃና ቅባት የሸፈነው ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አያገኘውም፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን አይስተውም። መቺው ያደመጠውን ፉርጎ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፤ ጠመኔው ከሌለ የጣቢያው ሹም ራሳቸው ቢያዙ እንኳ ነጂው ባቡሩን አያንቀሳቅስም። ይህ ሰው በሥራው ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖር አንድም ቀን አልሳተም ነበርና ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ባቡሩን የሚረከበው ነጂ የታናሽ እህቱ ባል ነበር። ከሎኮሞቲቩ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ ከወዲሁ በከሰል ጠቁሮ፣ ጥርሱ ብቻ እያበራ ጮኸ፦

«ጋሽ ጆሮ! ጎማውን እየዳበስክ ልትውል ነው እንዴ? የጫንኩት ቁስለኛ እንጂ ሙሽራ አይደለም እኮ!»

ከሰል ጨማሪው ከኋላው ሆኖ፣ «ተወው፣ ሚስት የለችውም፤ ጎማ ይዳብስ» አለና ሁለቱም ሳቁ። ባለመዶሻውም ሳቀ፤ እጁንም አወዛወዘላቸው። ያሉትን ግን አልሰማም።

ከሦስት ወር በፊት የጠላት አውሮፕላኖች ጣቢያውን ሲደበድቡ አንድ ቦምብ ከውሃ ማማው ሥር ወድቆ ነበር፤ እርሱም በሁለት ፉርጎዎች መካከል ተዘርሮ ተገኘ። ገላው ላይ አንድ ጭረት አልነበረም፤ ጆሮው ግን ተዘጋ። ለዘጠኝ ቀን ዓለም ጸጥ አለችበት፤ ለማንም አልተናገረም። ሁለቱ የሙያ ባልደረቦቹ ለጦር ተወስደው በጣቢያው የቀረው መቺ እርሱ ብቻ ነበር፤ ለሥራው አይበቃም የተባለ ሰው ደግሞ በማግስቱ ስንቅ ተሸካሚ ሆኖ ወደ ግንባር ይላካል። በአሥረኛው ቀን ጧት መዶሻውን አንሥቶ ሲመታ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ያለ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ጩኸት ሰማ። ቀጣዩን መታ፤ ጮኸለት። ሦስተኛውንም መታ፤ ጮኸለት። ከፉርጎው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ጆሮዬ ተመለሰልኝ አለ። የሰው ንግግር ገና አልተመለሰለትም ነበር፤ እሱን ከከንፈር እያነበበ፣ «እህ» እያለ፣ ፈገግ እያለ ያልፈዋል። ብረቱ ከተሰማኝ ሰው ይቆየኛል እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

በዚያች ማክሰኞ ጧት ሰማንያ ስምንት መንኮራኩሮች መታ፤ ሰማንያ ስምንቱም ጥርት ብለው ጮኹለት። በአሥራ አንዱም ፉርጎዎች ላይ ጠመኔውን አሠመረ። ነጂውም የጠመኔውን ምልክት በዓይኑ ቆጥሮ፣ ቆቡን ነካ አድርጎ ተሰናበተውና ባቡሩን አስነሣ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ባቡሩ ከድንጋይ መፍለጫው በታች ባለው ቁልቁለት ከሐዲዱ ወጣ።

የጥገናው ቡድን በእጅ ጋሪ ተሳፍሮ ሲሄድ ባለመዶሻውም አብሮ ሄደ። ሎኮሞቲቩ ገደሉ ሥር አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀብሮ ይጨሳል፤ ነጂው፣ ከሰል ጨማሪው፣ ፍሬን ያዡና ሠላሳ አንድ ቁስለኞች ሞተዋል፤ የተረፉት በሣሩ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። አስከሬኖቹ የተሸፈኑት በራሳቸው ብርድ ልብስ ነበር፤ የእህቱን ባል በጫማው ለየው።

ሰባተኛው ፉርጎ በጎኑ ተጋድሟል፤ ከመንኮራኩሮቹ የአንደኛው ሩብ ያህል ተገምሶ ከሐዲዱ ሥር ከተነጠፈው ጠጠር ላይ ወድቋል። ባለመዶሻው ጎንበስ ብሎ የስብራቱን ፊት አየ። የላይኛው ገጽ ገና የተሰበረ ነውና ያብረቀርቃል፤ የታችኛው ግን ጠቁሯል፣ ዝጓል፤ ስንጥቁ ለብዙ ሳምንት ውሃና ቅባት ሲጠጣ የኖረ ነው። ይህን መንኮራኩር ጧት መትቶታል። ጠመኔውም ከፉርጎው ጎን ላይ ገና አልጠፋም።

መዶሻውን አነሣና የተሰበረውን መንኮራኩር መታው። እንደ ደወል ጥርት ብሎ ጮኸለት።

ከዚያ ጭቃውን መታ፤ ጭቃውም ጮኸ። የገዛ ጫማውን መታ፤ ጫማውም ጮኸ። መዶሻውን ከእጁ ጣለው፤ ጩኸቱ አልቆመም። ያን ጊዜ ገባው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲሰማው የኖረው የብረት ድምፅ አልነበረም፤ ከራሱ ቅል ውስጥ የሚጮኽ፣ ሲመታም ሳይመታም የማይለየው የበሽታ ጩኸት ነበር። ከዚያ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም፤ መዶሻውን ሲያነሣ እንጂ በሌላ ጊዜ አድምጦ አያውቅምና።

ከጦር ክፍሉ የመጣ አንድ ሻለቃ የሐዲዱን ኩርባ ለካ፤ ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ሰው ጠየቀ። መስመሩ እስከ ምሽት መከፈት ነበረበት፤ ስብርባሪው ሁሉ ለማቅለጫ ተጫነ። ሻለቃው በጉልበቱ ላይ የጻፈው ዘገባ አንድ ገጽ አልሞላም፤ ምክንያቱ ነጂው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳቱ ነው የሚል ነበር። ባለመዶሻው ከሻለቃው አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ ነበር። ነገ እናገራለሁ አለ በልቡ፤ በማግስቱ ግን ቀብር ነበር፤ በቀብር ላይ ደግሞ እህቱ አንገቱን አቅፋ፣ ከንፈሯን ወደ ፊቱ አስጠግታ፦

«ጋሼ፣ እሱ ይቸኩላል? አንተ ታውቀዋለህ እኮ! ቁስለኛ ሲጭን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው አልነበረም የሚነዳው?» አለችው።

«ነው» አላት። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም። በወሩ ዓይኔ ደከመ ብሎ ከመዶሻው ሥራ ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። ጆሮው መስማት ማቆሙንም ዓመታት እየቆየ፣ እንደ እርጅና አስመስሎ፣ ቀስ በቀስ ለሰው አሳወቀ።

ጦርነቱ አለቀ። ካለቀ በአራተኛው ዓመት የምድር ባቡሩ ሠራተኞች ማኅበር ትልቁን ዘመቻውን ጀመረ። የማኅበሩ ጸሐፊ ቀድሞ ቀጥቃጭ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ አፉን የሸፈነ ሰው ነበር፤ በጥገናው አዳራሽ ሎኮሞቲቭ ከሚዞርበት ተሽከርካሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር መስኮቱ ይነዝር ነበር ይባላል።

«ወታደሩ ግንባር የደረሰው በክንፉ በሮ ነው? ጥይቱስ በእግሩ ሄደ? ቁስለኛው በነፋስ መጣ? እኛ ነን ያደረስነው! ወታደሩ ሲሞት ስሙ በድንጋይ ተቀረጸ፤ የእኛ ሰው ሲሞት ምን ተባለ? ‹የሥራ አደጋ› ተባለ! ከአውሮፕላን ቦምብ የሚወረውር ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

ሠራተኛው በብረት ብረት እየመታ መለሰለት። ፊርማ ተሰበሰበ፤ የሟች ሚስቶች በሚኒስቴሩ በር ላይ አሥራ አራት ቀን ቆሙ፤ ዕቃ ጫኝ ባቡሮች ለሁለት ቀን ሳይንቀሳቀሱ ዋሉ። በመጨረሻ መንግሥት ሦስት ሰዎች ያሉበት አንድ መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። በማኅበሩ ዝርዝር ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ጉባኤው በጦርነቱ እንደወደቁ የሚቀበላቸው ሰዎች ስማቸው ይቀረጻል፤ ቤተሰባቸውም ከሚኖርበት የምድር ባቡሩ ቤት አይወጣም። የማይቀበላቸው ሰዎች ቤተሰብ ግን በሠላሳ ቀን ቤቱን ያስረክባል።

ጉባኤው ሁለት መቶ አሥራ አንዱን ያለ ብዙ ክርክር ተቀበለ፤ በዚያ ባቡር ላይ የሞቱት ከሰል ጨማሪውና ፍሬን ያዡም ሳይቀሩ። አንድ ስም ብቻ ቀረ፤ ሠላሳ አንድ ቁስለኛ በፍጥነቱ ገደለ የተባለው ነጂ። በባለመዶሻው እህት በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ።

በማግስቱ ባለመዶሻው የማኅበሩን ጸሐፊ ወደ ግምጃ ቤቱ አስጠራው፤ በሩን ዘግቶ ሁሉን ነገረው። ጸሐፊው ከብሎን ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሰማ። ጢሙ ከንፈሩን ስለሚሸፍነው መልሱን በመሣሪያ መጠየቂያ ቅጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፈ፦

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ላንተ ነው የመጀመሪያው።»

«የመጨረሻውም እኔ ልሁን።»

«እኔ ስናገር እኮ እሱ ነጻ ይወጣል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይሰሩኝ።»

ጸሐፊው እርሳሱን ጠበቅ አድርጎ ብዙ ጻፈ። «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ምን ሲሉን ኖሩ? ጦሩን ያደረሰው ሐዲዱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም አሉን። አሁን አንድ የማኅበሩ አባል ተነሥቶ መስማት የተሳነኝ ሆኜ ባቡር አሳለፍኩ፣ ቁስለኛ ጨረስኩ ካለ፣ ነገ ጋዜጣው ምን ይላል? ዝርዝሩ ገና አልተፈረመም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም።»

«ታዲያ እሱስ?»

«እሱ ሞቷል። ስሙ ቢጎድል አያመውም።»

«እህቴን ያማታል።»

ጸሐፊው እርሳሱን አስቀመጠ። የገዛ ታላቅ ወንድሙ ስም በዝርዝሩ ላይ አርባ ስድስተኛው ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና በዓይኑ ብቻ እየለመነ ወጣ።

የመጨረሻው ችሎት የዋለው በጣቢያው በአሮጌው የመንገደኞች መቆያ አዳራሽ ነበር። ባለመዶሻው ያለውን አንዱን ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ገባ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለትልቁ መስኮት ሰጥተው ስለተቀመጡ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር፤ ከንፈራቸው አይነበብም። ጸሐፊው ከማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ አየውና እጁን ከዝርዝሩ ላይ አሳረፈ። እህቱ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች።

ሳይጠሩት ተነሣ፤ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ሁሉ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኾ ተናገረ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ነጂው አልፈጠነም! ጎማው የተሰነጠቀ ነበር፤ ደህና ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ በቦምቡ ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ግን የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር!»

«ማስረጃ አለህ? መንኮራኩሩ የት ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

እርሱ አልሰማም፤ ቀጠለ። ስለ አሥረኛው ቀን ጧት፣ ስለ ሰባተኛው ፉርጎ፣ ስለ ጠቆረው ስንጥቅ ተናገረ። «ጭቃውን መታሁት፤ ጮኸ። ጫማዬን መታሁት፤ ጮኸ» ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው፤ ሳቁ እስከ በሩ ደረሰ።

«መንኮራኩሩ የት ነው ብዬ ነው የጠየቅኩህ!» አሉ ኮሎኔሉ ተቆጥተው፤ እርሱ ግን በዚያው ሰዓት፣ «ሰማንያ ስምንት ነበሩ፣ አንዱንም አልዘለልኩም» ይል ነበር። ሳቁ ባሰ።

ኮሎኔሉ ወደ ማኅበሩ ጠረጴዛ ዞሩ። «እኚህ ሰው ጤነኛ ናቸው?»

ጸሐፊው ተነሣ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ በድብደባው ጊዜ ተጎድተዋል። ሟቹ ነጂ የእህታቸው ባል ነው፤ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቶታል። ማኅበሩ በምስክርነት አላቀረባቸውም።»

«እንግዲያው አይመዝገብ።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አስቀመጠ። ዘበኛው በአክብሮት ወንበር አምጥቶለት ክንዱን ይዞ አስቀመጠው፤ ባለመዶሻውም ቃሉን የተቀበሉት መሰለው። ወደ ሰብሳቢው እጅ ነሣ፤ ጥላው ራሱን ነቀነቀለት። ጸሐፊው ከአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ብጣሽ ወረቀት መዳፉ ውስጥ አስገባለት፤ «ተሰምተሃል፤ አሁን ወደ ቤትህ ግባ» የሚል ነበር። ባለመዶሻውም ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ወረደ።

እህቱን ከጣቢያው መድረክ ጫፍ፣ ሐዲዱን እያየች ቆማ አገኛት። እርግማኗን ለመቀበል ቆርጦ ነበር የመጣው።

«ይቅር በይኝ አልልሽም» አላት። «አይገባኝም። ብቻ ቤቱ አይነካም። ስሙም ይመለሳል፤ ተቀበሉኝ።»

ወደ እርሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የሚያስቀምጥበት ያጣ ሰው ፊት ነበር። እንዲያነብበው ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አልጻፉትም።»

«ምኑን?»

«አእምሮው ተነክቷል አላቸው ጸሐፊው፤ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። የሳቁት ባንተ ነው።»

«ተመልሼ እገባለሁ፤ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ምዬ...»

«ጋሼ» አለችው፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሊያነብበው ተቸገረ፤ ደገመችለት። «ያን ቀን ብትናገር ኖሮ ጎማው እዚያው ነበር።»

ሌላ አላለችውም። ሠላሳው ቀን ከመሙላቱ በፊት ቤቱን አስረከበች፤ ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ገባች። በሯን ሲያንኳኳ ትከፍትለታለች፤ ወንበር ትሰጠዋለች፤ ፊቷን ግን ወደ እርሱ አድርጋ ተናግራ አታውቅም፤ ፊቷን ካላሳየችው ደግሞ የምትለውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የጻፈውንም ማመልከቻ ይዞ ሦስት ጊዜ ወደ ሚኒስቴሩ ሄዷል፤ ጉባኤው ሥራውን ጨርሶ ተበትኗል ተብሎ ሦስቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰ። በሁለተኛው ክረምት ሞተ፤ የቀበረው ማኅበሩ ነው፤ በቀብሩም ላይ ጸሐፊው ጥሩ ንግግር አደረገ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህ እውነት ግን እያደር ጨለመ። በጣቢያው ፊት ለፊት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስሞች የተቀረጹበት ድንጋይ ቆሟል፤ ድሉ እውነተኛ ድል ነበር፤ በእርሱም ብዙ ቤተሰብ ከጎዳና ድኗል። ዛሬም የማኅበሩ ሰዎች ለአዲስ ጥያቄ ሲሰለፉ ጉዟቸውን ከዚያ ድንጋይ ሥር ይጀምራሉ፤ ስለዚያ ዘመቻ በተጻፈው መጽሐፍም የጸሐፊው ንግግር ሙሉ ቃሉ ሰፍሯል። ሠላሳ አንዱ ወታደሮች በጦሩ መዝገብ በቁስላቸው እንደሞቱ ተጽፏል። ስለ ነጂው ከአባሪው ላይ አንድ መስመር አለ፤ የተሰረዘ፣ አንድ፤ ምክንያቱ የራሱ ጥፋት፣ ይላል። ስለ መንኮራኩር መቺው ግን ምንም የለም። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ የገለጠ ሰው፣ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጉባኤው ለዕረፍት እንደተነሣ ያነባል።